ሲ. አር. ስሚዝ፦ ተጓዡን በስሙ ያወቀ ሰው

መግቢያ

በዚህ ሴሚስተር በንግድ ሥራ አመራር ኮርስ ከሞተ ብዙ ዓመት የሆነውን አንድ የታወቀ የሥራ ሰው መርጠን ሕይወቱን እንድንጽፍ ታዘዝን። የክፍሌ ልጆች ሄንሪ ፎርድንና መሰሎቹን ተሻሙ። እኔ የመረጥኩት ሲ. አር. ስሚዝ የሚባለውን አሜሪካዊ ነው። ስሙን ስጠራ ልጆቹ ይሄ ደግሞ ማነው እያሉ እርስ በርስ ተያዩ። በአቪዬሽን ዓለም ግን ስሚዝ ትልቅ ስም ነው። አሜሪካን አየር መንገድን ከሠላሳ ዓመት በላይ መርቷል፤ ዲሲ-3 የተባለው አውሮፕላን እንዲሠራ ምክንያት ሆኗል፤ ዛሬ በየአውሮፕላን ማረፊያው ላውንጅ የምንለውን የእንግዳ ማረፊያም የጀመረው የእሱ አየር መንገድ ነው። እኔን ወደዚህ ሰው ያደረሰኝ ግን መጽሐፍ ሳይሆን የታላቅ ወንድሜ አንድ ክፉ ሌሊት ነው።

ታላቅ ወንድሜ የመርካቶ ነጋዴ ነው። ልብስና ጫማ ለማምጣት ዱባይና ጓንዡ መመላለስ ከጀመረ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። ሁለት ፓስፖርት በማኅተም ሞልቶ ሦስተኛውን ጀምሯል። ታዲያ ከአንዱ ጉዞ ሲመለስ፣ ስሙን በማልጠራው አንድ አውሮፕላን ማረፊያ፣ ለትራንዚት አሥራ አንድ ሰዓት መቆየት ነበረበት። ትኩሳት ይዞታል፤ ወንበሩ ሁሉ ተይዟል፤ ማቀዝቀዣው አጥንት ድረስ ይገባል። የመስታወት በር ያለው ላውንጅ አየና ወደዚያ ሄደ። በሩ ላይ የቆመችው ሠራተኛ ካርድ ጠየቀችው። ካርድ የለውም። ፓስፖርቶቹን አወጣና ማኅተሞቹን አንድ በአንድ እያገላበጠ አሳያት። ይህን ያህል ዓመት የተመላለሰ ሰው እንዴት እንደ አላፊ አግዳሚ ይቆጠራል ነው ነገሩ። ልጅቷ በትህትና መለሰችው። ጃኬቱን ወለሉ ላይ አንጥፎ አደረ።

ቤት መጥቶ ሲያወራን ያበሳጨው ብርዱ እንዳልሆነ ገባኝ። ከኋላው የመጣ አንድ ወጣት ካርዱን አሳይቶ ሰተት ብሎ ሲገባ ማየቱ ነው የቆጨው። እኔም ከዚያን ቀን ጀምሮ ያ በር የማን ሐሳብ ነው፣ ለማንስ ተብሎ ተሠራ፣ ቋሚ ተጓዥ የሆነ ሰው በምን መንገድ ይገባበታል የሚሉትን ጥያቄዎች መከታተል ጀመርኩ። ክሩን ስስበው ስሚዝ ጋ አደረሰኝ። ውድ አንባብያን፣ የዚህን ሰው ሕይወት ባጭሩ ላካፍላችሁ።

ከጥጥ ማሳ እስከ ዩኒቨርሲቲ

ሙሉ ስሙ ሳይረስ ሮውሌት ስሚዝ ነው። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 9 ቀን 1899 በቴክሳስ፣ ሚነርቫ በምትባል ትንሽ የገጠር ከተማ ተወለደ። ለቤቱ የበኩር ልጅ ሲሆን ከእሱ በታች ስድስት ታናናሾች ነበሩት። ገና ልጅ ሳለ አባትየው ቤተሰቡን ጥሎ ሄደ። እናት ሰባት ልጅ ይዘው ቀሩ። የበኩር ልጅ መሆን ምን ማለት እንደሆነ ለእኛ ማስረዳት አያስፈልግም። ስሚዝ በዘጠኝ ዓመቱ የአንድ ከብት ነጋዴ ቢሮ ተላላኪ ሆኖ ሥራ ጀመረ። ከዚያም ጥጥ ለቀመ፤ ሱቅ ውስጥ ሠራ፤ ባንክ ገብቶ ሒሳብ ያዘ።

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን በወጉ ሳይጨርስ የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ተቀበለውና የንግድ ሥራ ትምህርት ተማረ። ተማሪ ሳለም እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ከትምህርቱ ጎን ለጎን አንዲት ትንሽ ንግድ ከፈተ። ነገርዬው ቀላል ነው፦ አዲስ የተወለዱ ሕፃናትን መዝገብ እየተከታተለ የወላጆችን ስም ዝርዝር ያዘጋጅና የሕፃናት ዕቃ ለሚሸጡ ድርጅቶች ያቀርባል። ድርጅቶቹ ማን ምን እንደሚያስፈልገው በስም ያውቃሉ፤ እሱ ክፍያውን ያገኛል።

በበኩሌ የስሚዝን ሕይወት ስመረምር ከሁሉ በላይ ያሰብኩባት ነገር ይህቺ ናት። ሰውየው ከተማሪነቱ ጀምሮ አንድ ነገር ገብቶታል፦ የደንበኛን ስም የያዘ ሰው ገበያውን ይዟል። በኋላ የሠራው ሥራ ሁሉ፣ ላውንጁም ጭምር፣ ከዚህች ሐሳብ የተቀዳ ሆኖ ነው ያገኘሁት።

ወደ አየር መንገድ እንዴት ገባ

ከዩኒቨርሲቲ ሲወጣ ስሚዝ የሒሳብ ሰው ነበር። ፒት ማርዊክ በተባለው የሒሳብ ምርመራ ድርጅት ሠራ። ቀጥሎ በቴክሳስ አንድ የኤሌክትሪክ ኃይል ኩባንያ ውስጥ የገንዘብ ኃላፊ ረዳት ሆነ። የኩባንያው ባለቤት እ.ኤ.አ. በ1928 ቴክሳስ ኤር ትራንስፖርት የሚባል ትንሽ የፖስታ አመላላሽ አየር መንገድ ገዙና ሒሳቡን እንዲይዝላቸው ስሚዝን ላኩት። ያን ጊዜ ስለ አውሮፕላን የሚያውቀው ነገር እምብዛም አልነበረም። ግን ሥራውን ወደደው፤ እንዲያውም ማብረር ተማረ። ያቺ ትንሽ ድርጅት ከሌሎች ጋር እየተዋሃደች አሜሪካን ኤርዌይስ የተባለው ትልቅ ኩባንያ አካል ሆነች። እ.ኤ.አ. በ1934 የአሜሪካ መንግሥት የፖስታ ውሎችን በመሰረዙ አየር መንገዶቹ ሁሉ ተናጉ። ኩባንያው አሜሪካን አየር መንገድ በሚል ስም እንደገና ተደራጀና በዚያው ዓመት ኦክቶበር ወር ላይ ስሚዝ ፕሬዚዳንት ሆነ። ዕድሜው ሠላሳ አምስት ነበር።

የአመራር ዘዬው ከዛሬው የቢሮ አሠራር ጋር አይመሳሰልም። ደብዳቤና ማስታወሻ በገዛ እጁ በታይፕራይተር ይጽፍ ነበር፤ ከሁለትና ከሦስት መስመር አይበልጥም። ሠራተኛው ሁሉ ሚስተር ሲ. አር. እያለ ይጠራው ነበር። እሱም በየጣቢያው ያሉትን መካኒኮችና የሻንጣ ተሸካሚዎች በስማቸው ያውቃቸው እንደነበር ይነገርለታል።

ዲሲ-3 እና የተጓዡ ዋጋ

በዚያ ዘመን አየር መንገድ የሚኖረው በፖስታ እንጂ በሰው አልነበረም። ተሳፋሪ ማለት ከፖስታው ከረጢት ጎን የሚቀመጥ ተጨማሪ ጭነት ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። አውሮፕላኖቹ ትንንሽ ስለነበሩ ሙሉ ሆነው ቢበሩ እንኳ ከተሳፋሪ የሚገኘው ገቢ ወጪውን አይሸፍንም። ስሚዝ በሒሳብ ሰው ዓይኑ ያየው ይህን ነው። መፍትሔውም ብዙ ሰው የሚይዝ አውሮፕላን ማግኘት ነበር።

አውሮፕላን ሠሪው ዶናልድ ዳግላስ በጊዜው አሥራ አራት ሰው የሚይዘውን ዲሲ-2 ይሠራ ነበር። ስሚዝ ስልክ ደወለለትና አልጋ ያለው፣ ሰፋ ያለ አውሮፕላን እንዲሠራለት ለመነው። ዳግላስ አመነታ፤ ለአዲስ ሞዴል ገንዘብ ማፍሰስ አልፈለገም። ስሚዝ ግን ገና ያልተሠራውን አውሮፕላን ሃያውን እንደሚገዛ ቃል ገባ። ገንዘቡ በእጁ አልነበረም። ዋሽንግተን ሄዶ ከመንግሥት የመልሶ ግንባታ ፋይናንስ ኮርፖሬሽን 4.5 ሚሊዮን ዶላር ተበደረ። አውሮፕላኑ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 17 ቀን 1935 ለመጀመሪያ ጊዜ በረረ፤ በጁን 1936 በኒውዮርክና በቺካጎ መካከል መደበኛ አገልግሎት ጀመረ። የቀኑ ሞዴል ሃያ አንድ ሰው ይይዛል። ያለ ፖስታ ድጎማ፣ ሰው ብቻ አሳፍሮ ማትረፍ የቻለ የመጀመሪያው አውሮፕላን እንደሆነ ስሚዝ ራሱ መስክሮለታል።

ይህ አውሮፕላን ለእኛም እንግዳ አይደለም። የወታደር ሞዴሉ ሲ-47 ይባላል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 8 ቀን 1946 ከአዲስ አበባ በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ያደረገው በዚሁ ሲ-47 ነው። አስቡት እንግዲህ፤ የስሚዝ የስልክ ልመና አያቶቻችን ለመጀመሪያ ጊዜ የተሳፈሩበትን አውሮፕላን አመጣ።

አሁን ስሚዝ አንድ አዲስ ጣጣ ገጠመው። ወንበር በዝቷል፤ ወንበሩን የሚሞላ ሰው ግን ያስፈልጋል። ያኔ ደግሞ ሰው አውሮፕላን ይፈራል። ስሚዝ ፍርሃቱን ከመደበቅ ይልቅ በስሙ ፈርሞ ባወጣው የጋዜጣ ማስታወቂያ ላይ በግልጽ አነሳው፤ በጊዜው ሌሎች አየር መንገዶች ጉዳዩን በአደባባይ ማንሳት አይወዱም ነበር። ሁለተኛው ዘዴው ደግሞ ደፍሮ የሚመላለሰውን ሰው ማክበር ሆነ። ላውንጁ የመጣው ከዚህ ነው።

አድሚራሎቹና የላጓርዲያ ክፍል

አየር መንገዱ አውሮፕላኖቹን ፍላግሺፕ ብሎ ሰየማቸው። ፍላግሺፕ ማለት በባሕር ኃይል የጦር አዛዡ አድሚራል የሚሳፈርበትና ዓርማው የሚውለበለብበት መርከብ ነው። አውሮፕላኖቹ መሬት ሲደርሱ ረዳት አብራሪው በኮክፒቱ መስኮት በኩል ትንሽ ባንዲራ ያወጣ ነበር። እንግዲህ መርከብ ካለ አድሚራል መኖር አለበት። ስሚዝ ለአየር መንገዱ ቁም ነገር ያላቸውን ሰዎች፣ በተለይም ደጋግመው የሚበሩትን፣ የፍላግሺፕ ጓድ የክብር አድሚራል እያለ መሾም ጀመረ። የምስክር ወረቀት ይሰጣቸዋል፤ በስማቸው ይጠራቸዋል። ሹመቱ ደመወዝ የለውም፤ ግን ሰው መከበር ይወዳል።

እ.ኤ.አ. በ1939 በኒውዮርክ የላጓርዲያ አውሮፕላን ማረፊያ ተከፈተ። የአየር መንገዱ ሰዎች ሲያወሩት፣ ከንቲባው ፊዮሬሎ ላጓርዲያ በአዲሱ ተርሚናል ውስጥ ለራሳቸው ያማረ ክፍል አዘጋጅተው ነበር። ጋዜጠኞች በሕዝብ ገንዘብ ይህ ምን ይባላል ብለው ሲያጉረመርሙ፣ ከንቲባው ክፍሉን ለማከራየት ዝግጁ እንደሆኑ ተናገሩ። የስሚዝ ሰዎች ቃሉ ሳይቀዘቅዝ ተከራዩት። አድሚራሎቹ ዝናብና ጉም በረራ ሲያዘገይባቸው ተረጋግተው የሚቀመጡበት፣ የሚጠጡበትና ስልክ የሚደውሉበት ክፍል ሆነ። አድሚራልስ ክለብ ተባለ። በዓለም የመጀመሪያው የአየር መንገድ ላውንጅ ይህ ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እንየው። ወደዚያ ክፍል የሚገባው ማነው? ገንዘብ የከፈለ አይደለም፤ ክለቡ አይሸጥም ነበር። የተጋበዘ ብቻ ነው። ጋባዡ ደግሞ አየር መንገዱ ነው። ደጋግሞ የሚበር ሁሉ አልተጋበዘም፤ ያልበረሩ ባለሥልጣናትና ስመ ጥሮች ግን ተጋብዘው ሊሆን ይችላል። መመዘኛው የተጻፈ ሕግ ሳይሆን የሚስተር ሲ. አር. እና የሰዎቹ ፈቃድ ነበር። ባጭሩ በእኛ አነጋገር ነገሩ በትውውቅ ነበር።

ጦርነቱ

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት አሜሪካን ሲነካ ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1942 ወንበሩን ለቅቆ ወደ ሠራዊቱ ገባ። የጦሩ የአየር ትራንስፖርት ዕዝ ምክትል አዛዥ ሆኖ ሜጀር ጄኔራል ድረስ ደረሰ። ይህ ዕዝ ሰውና ዕቃ በአትላንቲክ፣ በአፍሪካ፣ በሂማላያ ተራሮች ላይ ሳይቀር ያመላልስ ነበር። በ1945 ወደ አየር መንገዱ ተመለሰ። በ1959 ጃኑዋሪ አሜሪካን አየር መንገድ በቦይንግ 707 ከሎስ አንጀለስ ኒውዮርክ የጄት አገልግሎት ጀመረ። ስለ አውሮፕላኖቹ ብዙ መጻፍ ይቻላል፤ እኔ ግን ወደ በሩ ልመለስ።

ሁለቱ ስሚዞች

አውሮፕላኑ ሲያድግና ተሳፋሪው ሲበዛ ሰውን በስም ማወቅ አስቸጋሪ ሆነ። የትኬት ሠራተኞች በሚሽከረከር ሣጥን ዙሪያ ተቀምጠው ካርድ እያወጡ ወንበር ይመዘግቡ ነበር። አንድ ቦታ ይዞ ለመጨረስ በአማካይ ወደ 90 ደቂቃ ይወስድ ነበር ይባላል።

እ.ኤ.አ. በ1953 ስሚዝ ከሎስ አንጀለስ ወደ ኒውዮርክ ሲበር አጠገቡ የተቀመጠው ሰው ብሌየር ስሚዝ የሚባል የአይቢኤም ሽያጭ ሠራተኛ ሆነ። በስማቸው መመሳሰል ጨዋታ ጀመሩ። ጨዋታው ወደ ኮምፒዩተር ሄደ፤ ከዚያች ወንበር የተነሣው ሐሳብ ሴበር የተባለው የቦታ መያዣ ሥርዓት ሆነ። በ1960 ሥራ ጀምሮ በ1964 የአየር መንገዱን የቦታ ማስያዝ ሥራ በሙሉ ያዘ። 90 ደቂቃ የነበረው ወደ ሰኮንዶች ወረደ።

ይህ ከላውንጅ ጋር ምን አገናኘው ትሉ ይሆናል። በጣም እንጂ! ማሽኑ ወንበር ብቻ አይመዘግብም፤ የተሳፋሪውን ስምና ስልክ ጭምር ይይዛል። የሕፃናት ወላጆችን ስም ዝርዝር ይሸጥ የነበረው ተማሪ አሁን የሚሊዮኖችን ስም የሚይዝ ማሽን ባለቤት ሆነ። በቀድሞው ጊዜ ቋሚ ተጓዥን የሚያውቀው የስሚዝ ጭንቅላት ነበር። ከእንግዲህ የሚያውቀው ኮምፒዩተር ነው።

በሩ እንዴት ተለወጠ

በመጋበዝ ብቻ የሚገባበት ክለብ ቅሬታ አስነሣ። ደጋግመው የሚበሩ፣ ግን ያልተጋበዙ ሰዎች ይህ አድልዎ ነው ብለው ጠየቁ፤ ነገሩ አየር መንገዶችን የሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት ዘንድ ደረሰ። በመጨረሻም ክለቦቹ ዓመታዊ ክፍያ ለሚከፍል ሁሉ ተከፈቱ። የክብር ግብዣው የሚሸጥ አባልነት ሆነ።

ቀጥሎ እ.ኤ.አ. በሜይ 1 ቀን 1981 አየር መንገዱ አድቫንቴጅ የተባለውን የማይል ፕሮግራም ጀመረ። ስሚዝ ያኔ ጡረታ ላይ ነበር። ግን አጀማመሩን ተመልከቱ፦ ሠራተኞቹ በሴበር ውስጥ ተደጋግመው የሚመጡ ስልክ ቁጥሮችን ፈልገው 130,000 ያህል ቋሚ ተጓዦችን ለዩ። ሌላ 60,000 ሰው ደግሞ ከአድሚራልስ ክለብ መዝገብ ወሰዱ። የመጀመሪያዎቹ አባላት እነዚህ ናቸው። ስለዚህ ዛሬ ዓለም ሁሉ የሚጠቀምበት የማይል አቆጣጠር ከስሚዝ ሁለት ልጆች፣ ከክለቡና ከማሽኑ፣ የተወለደ ነው ማለት ይቻላል።

ታዲያ ዛሬ ቋሚ ተጓዥ በምን ይገባል? እኔ አራት መንገድ ቆጥሬያለሁ። አንደኛው በትኬቱ ነው፤ ቢዝነስ ክላስ የገዛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በቦርዲንግ ፓሱ ብቻ ይገባል። ሁለተኛው በደረጃ ነው፤ በአንድ አየር መንገድ ፕሮግራም ተመዝግቦ በዓመቱ ውስጥ የተወሰነ ማይል ወይም የበረራ ቁጥር የሞላ ሰው ካርዱ ከፍ ይልለታል። ለምሳሌ የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2011 ስታር አሊያንስን ስለተቀላቀለ፣ የሸባማይልስ ጎልድ አባል የስታር አሊያንስ ጎልድ ይሆናል። ኢኮኖሚ ላይ ቢቀመጥም እንኳ በኅብረቱ አየር መንገድ እየበረረ በሌላ አገር ባለው የኅብረቱ ላውንጅ ሊያርፍ ይችላል፤ አንድ እንግዳም ይዞ ይገባል። ሦስተኛው በግዢ ነው፤ ዓመታዊ አባልነት ወይም ለአንድ ቀን መግቢያ። እ.ኤ.አ. በ1992 የተጀመረው ፕራዮሪቲ ፓስ ከየትኛውም አየር መንገድ ጋር ሳይያያዝ የብዙ ላውንጆችን በር የሚከፍት ካርድ ነው። አራተኛው በባንክ ካርድ ነው፤ በአንዳንድ አገር ባንኮች ለተወሰኑ ደንበኞቻቸው ላውንጅ መግቢያን ከካርዱ ጋር ይሰጣሉ።

የሚገርመው ነገር አለ። ላውንጅን በጀመረው በራሱ በአሜሪካን አየር መንገድ፣ አገር ውስጥ ብቻ የሚመላለስ ከፍተኛ ደንበኛ በማይል ደረጃው ብቻ ወደ አድሚራልስ ክለብ አይገባም፤ አባልነት መግዛት ወይም ክለቡን የሚያስገባውን ካርድ መያዝ ይኖርበታል። የስሚዝ አድሚራል በስሙ ይጋበዝ ነበር፤ የዛሬው አድሚራል ይከፍላል።

የወንድሜ ሒሳብ

ይህን ሁሉ ካነበብኩ በኋላ ከታላቅ ወንድሜ ጋር ተቀምጠን የእሱን ጉዳይ መረመርን። ስህተቱ የት እንደሆነ ብዙም ሳንቆይ ታየን። በመጀመሪያ፣ በየጊዜው የሚገዛው የረከሰውን ትኬት ስለሆነ ጉዞው በአራትና በአምስት አየር መንገድ ተበትኗል። አንዱ ዘንድ ቋሚ ተጓዥ የሚያስብለው ቁጥር አልሞላም። ሁለተኛ፣ አንዱም ፕሮግራም ላይ አልተመዘገበም። መብረር ራሱ ይቆጠርልኛል ብሎ ያስብ ነበር። አይቆጠርም! የአባልነት ቁጥር ትኬቱ ላይ ካልተጻፈ ማሽኑ አያውቀውም። ሦስተኛው ደግሞ የእኛ የሁላችን ጣጣ ነው፦ ስሙ። የራስ፣ የአባትና የአያት ስም በላቲን ፊደል ሲጻፍ አንዱ የትኬት ወኪል በአንድ መልክ፣ ሌላው በሌላ መልክ ይጽፈዋል። አንዴ የአባቱ ስም መጠሪያ ይሆናል፤ አንዴ የአያቱ። ማሽኑ ፊት ወንድሜ አንድ ሰው ሳይሆን ሦስት ሰው ሆኖ ነው የኖረው።

ያለፈውን ለማስቆጠር ሞከርን። አየር መንገዶች ያለፈን በረራ የሚቀበሉት ለተወሰኑ ወራት ብቻ ሲሆን የትኬት ቁጥርና የቦርዲንግ ፓስ ቁራጭ ይጠይቃሉ። እሱ ቁራጩን የሚጥለው ገና ከአውሮፕላኑ ሳይወርድ ነው። የአሥር ዓመቱ ማኅተም ከፓስፖርቱ ውጪ የትም አልተመዘገበም። እውነት ለመናገር ይህን ስነግረው ፊቱ ላይ ያየሁት ነገር ላውንጅ በር ላይ ከደረሰበት የባሰ መሰለኝ። ዝም አለ። ከዚያ አንድ ጥያቄ ጠየቀኝ፦ ሚስተር ስሚዝ በሕይወት ቢኖር ኖሮ ያስገባው እንደነበር።

ቶሎ መልስ አልሰጠሁትም።

የመጨረሻ ዘመኑ

ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1968 አየር መንገዱን ለቅቆ በፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን መንግሥት የንግድ ሚኒስትር ሆነ፤ በዚያ የቆየው እስከ 1969 መጀመሪያ ነው። በ1973 አየር መንገዱ ችግር ላይ ሲወድቅ ሰባ አራት ዓመት የሞላውን ስሚዝን ጠርተው ለጥቂት ወራት እንዲመራ አደረጉት። እሱም መጥቶ ሠራ፤ ተተኪ ሲገኝ ተሰናበተ። የአሜሪካን ምዕራብ ሕይወት የሚያሳዩ ሥዕሎችን ይወድ ስለነበር ያሰባሰባቸውን ለተማረበት የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ሰጠ። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 4 ቀን 1990 በዘጠና ዓመቱ አረፈ፤ በአርሊንግተን የጦር መካነ መቃብር ተቀበረ። በ1993 ፎርት ዎርዝ ከተማ ውስጥ በስሙ የአቪዬሽን ሙዚየም ተከፈተ።

ማጠቃለያ

አሁን ለወንድሜ የሰጠሁትን መልስ ልጻፍና ላብቃ። ስሚዝ ያስገባው ነበር ብዬ አልዋሸሁትም። ጥጥ የለቀመ ልጅ፣ በዘጠኝ ዓመቱ ቤተሰብ የደገፈ የበኩር ልጅ፣ የወንድሜን ድካም ይረዳው ነበር ብዬ አምናለሁ። ግን የስሚዝ በር በትውውቅ የሚከፈት በር ነበር። ወንድሜን የሚያስተዋውቀው ሰው አልነበረም። በ1939 ላጓርዲያ ላይ ቆሞ ቢሆን ኖሮ፣ ምን ቢያደርግ እንደሚገባ እንኳ የሚነግረው የተጻፈ ነገር አያገኝም ነበር።

የዛሬው በር ቀዝቃዛ ነው፤ ፓስፖርት አያነብም፤ ትኩሳት አይዳስስም። ነገር ግን ሕጉ የተጻፈ ነው። የተጻፈ ሕግ ደግሞ የመርካቶ ነጋዴም፣ የሚኒስትር ልጅም ሊማረው ይችላል። ስለዚህ እኔ በግሌ ከሚስተር ሲ. አር. ደግነት ይልቅ የማሽኑን ሒሳብ እመርጣለሁ። ቅሬታዬ አንድ ነው፦ ትኬት የሚሸጠው ሰው ሕጉን ለገዢው አይነግረውም። በየወሩ የሚመላለስ ነጋዴ ተመዝግበሃል ወይ ብሎ የሚጠይቀው የለም። ስሚዝ ደንበኛውን በስሙ ለማወቅ ዕድሜውን ሙሉ ደክሟል፤ የእኛ የትኬት ወኪል ደግሞ ስሙን በትክክል ቢጽፍልን ትልቅ ነገር ነው። እኛ የዚህ ትምህርት ክፍል ተማሪዎች ነገ ከነዚያ ጠረጴዛዎች ኋላ መቀመጣችን ስለማይቀር ይህን ብናስብበት መልካም ነው።

ወንድሜ አሁን አንድ ፕሮግራም ላይ ተመዝግቧል። ስሙ በፓስፖርቱ እንዳለው ሆኖ በእያንዳንዱ ትኬት ላይ እንዲጻፍ አጥብቆ ይጠይቃል። ጉዞውንም ወደ አንድ አየር መንገድ ሰብስቧል፤ ጓንዡ ከዱባይ ሦስት እጥፍ ያህል ስለሚርቅ ማይሉ ቶሎ ይጠራቀማል። ባለፈው ወር የመጀመሪያዋ ከፍ ያለች ካርዱ ደረሰችው። ላውንጅ በሁሉም ቦታ ለማስገባት ገና አንድ ደረጃ ይቀራታል። የቦርዲንግ ፓሱን ቁራጮች ግን ከእንግዲህ አይጥልም፤ እናታችን የጋብቻ ወረቀቷን በምታስቀምጥበት ሣጥን ውስጥ በላስቲክ አስሮ ያስቀምጣቸዋል።